ሁለቱንም አሳይቶ ፍርዱን ለተማሪ የተወው መምህር

ሐተታ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ረጅምና አሰልቺ ጽሑፍ ነው። የቃሉ ሥር ግን ሌላ ነው። በግዕዝ ሐተተ ማለት መረመረ፣ ጠየቀ ማለት ነው። የዘርዓ ያዕቆብ መጽሐፍም የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። ፈላስፋነቱን ሰምታችኋል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ መምህሩ ዘርዓ ያዕቆብ ነው።

መጽሐፉ እንደሚነግረን፣ ነሐሴ 1592 ዓ.ም. አክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ተወለደ። ሰው ወርቄ ይለው ነበር። መጀመሪያ ዜማ ሞከረ፤ ድምፁ ሻካራ ስለነበር ጓደኞቹ ሳቁበት፤ በ3 ወሩ ተወው። ከዚያ 4 ዓመት ሰዋስውና ቅኔ፣ 10 ዓመት ደግሞ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። ቅኔ ቤት የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ የመጣ ተማሪ አያልፍም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ተማሪን እንዲያስብ ማድረግ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም።

ትምህርቱን ጨርሶ አክሱም ላይ 4 ዓመት አስተማረ። ጊዜው ክፉ ነበር። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነዋል፣ አገሩ ለሁለት ተከፍሏል፣ መምህር ከሆንክ ወገንህን መምረጥ አለብህ። እሱ ግን መጽሐፍ ሲተረጉም ፈረንጆቹ የሚሉትንም፣ ግብፃውያኑ የሚሉትንም ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ይሄኛው ልክ፣ ያኛው ስህተት ብሎ አይፈርድም። ውጤቱ ምን ሆነ? ሁለቱም ወገን ጠላው፤ እያንዳንዱ የሌላው ሰው ነው ብሎ ጠረጠረው። መጨረሻ ላይ ንጉሡ ዘንድ ተከሰሰ። በሌሊት ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ 2 ዓመት ኖረ። ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ነው ትክክል ካለ ዳኛው ማነው ብሎ የጠየቀው እዚያ ነው። ፈጣሪ ለሰው ልጅ በሰጠው ልቡና መመርመር አለብን አለ።

ሱስንዮስ ሲሞቱ ከዋሻው ወጣ። እንፍራዝ ሄዶ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠጋ፤ መጽሐፍ እየገለበጠ ልጆቹን አስተማረ። በዚያው ቤት ታገለግል የነበረችውን ሒሩትን አገባ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸው የሚል ሰው ነበር። 68 ዓመት ሲሞላው ሐተታውን ጻፈ። ለምን እንደጻፈው ታውቃላችሁ? ተማሪው ወልደ ሕይወት ስለጠየቀው ነው። ወልደ ሕይወትም በተራው የራሱን ሐተታ ጻፈ። መምህሩ በ93 ዓመቱ እንደሞተ የምናውቀውም ከዚሁ ተማሪ ነው።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለበትም። መጽሐፉ ወደ አውሮፓ የሄደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያናዊው ቄስ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ራሱ ቄሱ ነው ብሎ ጻፈ። አዲስ አበባ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ ደራሲው ዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ዘርዓ ያዕቆብን እወዳለሁ የሚል ሰው ሁለቱንም አንብቦ ይመዝን።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። እኔ ኢኮኖሚክስ ስማር ክፍል ውስጥ በብዛት የሚሰማው ጥያቄ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ የሚል ነበር። በተማሪው አልፈርድም፤ ትርጉም ሸምድዶ የጻፈ ነዋ ኤ የሚያገኘው! መምህሩም ቢሆን ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶበታል፣ ምዕራፉን መጨረስ አለበት። ይገባኛል። ግን በሳምንት አንድ ጥያቄ ጊዜ አይበላም።

ለምሳሌ እዚህ ሐዋሳ ቤተ ሙከራው ደጃችን ላይ ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቃችን ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን አይታይም። ፀሐዩ ውሃውን ሲያተን ጨው ይቀራል። ሻላ እንደዚሁ መውጫ የለውም፤ ውሃውም ጨዋማ ነው። ታዲያ የሐዋሳ ሐይቅ ለምን እንደዚያ አልሆነም? አንዱ ተማሪ ውሃው በመሬት ሥር ይሰርጋል ይበል፤ ሌላዋ የሚገባው ውሃ ጨው ስለማይበዛበት ነው ትበል። መምህሩ ሁለቱንም ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። መልሱን ከመናገሩ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይጨምር፦ የትኛው ልክ እንደሆነ በምን እናረጋግጥ? ከዚያ ዝም ይበል፣ ይጠብቅ። ልጆቹ ውሃ እንቅዳ፣ እንለካ፣ ከጥቁር ውሃ ጋር እናወዳድር ማለት ሲጀምሩ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

ዘርዓ ያዕቆብን እንዲህ ማስተማሩ ዋሻ አስገብቶታል። የዛሬን መምህር የሚያስከፍለው የ10 ደቂቃ ትዕግስት ነው። እናንተም መልሱን ስልካችሁ ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት እስቲ የራሳችሁን ግምት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ምክንያታችሁን ግን እንዳትረሱ።