ባክቴሪያን የሚበላውን ያገኘው ፊሊክስ ዴሬል

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር ብዙ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ጥርሱን በወይራ ወይም በክትክታ መፋቂያ ይፍቃል። ድዱ የታመመ ሰው ግን በሚፍቅበት ጊዜ ደም ይተፋል፤ ሕመሙም ከቆየ ድዱ ከጥርሱ ይሸሻል፥ በኋላም ጥርሱ ይወልቃል። ይህን የሚያመጡት ባክቴሪያ የሚባሉ፥ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው፤ በጥርስና በድድ መካከል ተጣብቀው ይኖራሉ። ለእነርሱም ደግሞ ከእነርሱ እጅግ ያነሰ ጠላት አላቸው። ለዚህ ጠላት ባክቴሪዮፋጅ፥ ይኸውም ባክቴሪያ በላ የሚል ስም ያወጣለት ፊሊክስ ዴሬል ነው።

ዴሬል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ተወለደ። የሐኪምነት ማዕርግ አልነበረውም፤ አብዛኛውን ጥበብ ራሱን እያስተማረ አገኘ። በ1910 በሜክሲኮ ሳለ አንበጣን የሚገድል በሽታ ይመረምር ነበር። የአንበጣን መዓት የጎጃም ገበሬ ያውቀዋልና ሰውየው ስለ ምን እንደ ተጋ መናገር አያስፈልግም። የበሽታውን ባክቴሪያ በሳሕን ላይ ዘርቶ ሲያበቅል፥ በቡቃያው መካከል አልፎ አልፎ ክብ የሆነ ባዶ ስፍራ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳሕኑ ተበላሽቷል ብሎ በጣለው ነበር፤ እርሱ ግን ነገሩን በልቡ ያዘ።

በ1915 በፓሪስ አጠገብ የሰፈሩ ወታደሮች ደም በቀላቀለ ተቅማጥ ታመሙ። ዴሬልም ከአንድ ሕመምተኛ ሰገራ ያጠለለውን ውሃ የበሽታው ባክቴሪያ ካለበት ጠርሙስ ጋር በየቀኑ ይቀላቅል ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ደፍርሶ የነበረው ጠርሙስ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ አገኘው፤ ወደ ሕመምተኛው ቢሮጥ እርሱም ተሽሎት ነበር። ይህንንም በ1917 ለሊቃውንት አስታወቀ። ትዎርት የተባለ እንግሊዛዊ ተመሳሳዩን ነገር ቀድሞ በ1915 ጽፎ ነበር፤ ለሕክምና እንዲውል የደከመው ግን ዴሬል ነው።

በ1919 አንድ የ12 ዓመት ልጅ በዚሁ በሽታ ተይዞ ፓሪስ ሆስፒታል ገባ። መድኃኒቱ በሰው ላይ ገና አልተፈተነም። ስለዚህ ዴሬልና አብረውት ያሉት ሐኪሞች አስቀድመው ራሳቸው ጠጡት፤ ጉዳት እንዳልደረሰባቸውም ካዩ በኋላ ለልጁ ሰጡት፥ ልጁም ዳነ። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል።

በኋላ በጆርጂያ አገር፥ በትብሊሲ ከተማ፥ ከወዳጁ ከጊዮርጊ ኤልያቫ ጋር ሠራ። ኤልያቫ በ1937 በመንግሥት ትእዛዝ ተገደለ፤ ዴሬልም ወደዚያ አልተመለሰም። ፔኒሲሊን በመጣ ጊዜ ብዙ አገር የእርሱን መድኃኒት ተወው፤ በ1949 በፓሪስ ሞተ። ጆርጂያ ግን እስከ ዛሬ ትሠራበታለች።

ለድድስ? ዛሬ መርማሪዎች ባክቴሪዮፋጅን ከምራቅና ከቆሻሻ ውሃ እየለቀሙ፥ የጥርስን ባክቴሪያ ሲያሟሟ በመስታወት ዕቃ ውስጥ አይተዋል። ነገር ግን አንዱ ፋጅ የሚያውቀው አንድን ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ ነው፤ በታመመ ድድ ውስጥ ደግሞ ብዙ ዓይነት አለ። አንዳንዱ ፋጅም ባክቴሪያውን በመግደል ፈንታ በውስጡ ተሸሽጎ አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ለድድ ሕመም የታወቀ መድኃኒት ገና አልሆነም። ብር በሚባለው ወንዝ ውስጥም ፋጅ አይጠፋም፤ ይህን ሰምቶ የወንዝ ውሃ ለመድኃኒት የሚጠጣ ግን ተቅማጡን ይጠጣል። ድዱ የሚደማ ልጅ መፋቂያውን በቀስታ ጠዋትና ማታ ይያዝ፤ በጥርሱ ሥር የደረቀውን እድፍ ሐኪም ይፋቅለት።