ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ እና በስማቸው የተጠራው ፕሮቲን

ኤሪክ አዶልፍ ፎን ቪለብራንድ እ.ኤ.አ. በ1870 በፊንላንድ፣ ቫሳ ከተማ ተወለዱ። ሕክምናን በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ለደም ጥናት ልዩ ትኩረት ሰጡ።

እ.ኤ.አ. በ1924 ከኦላንድ ደሴቶች የመጣች የ5 ዓመት ሕፃን መረመሩ። ከእኅቶቿ መካከል በደም መፍሰስ የሞቱ ነበሩ። ከዘመዶቿ 66 ሰዎችን አጥንተው በ23ቱ ላይ የመድማት ችግር አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተሙት ጽሑፍም ሕመሙን ከሄሞፊሊያ ለዩት፤ ሴቶችንም ወንዶችንም ያጠቃል፤ ደሙ በመደበኛ ጊዜ ይረጋል፤ ቁስሉ ግን ለረጅም ጊዜ ይደማል። መንሥኤውን ከፕሌትሌቶችና ከደም ሥር ግድግዳ ጉድለት ጋር አያያዙት። ሕፃኒቱ ግን በ13 ዓመቷ በወር አበባዋ ወቅት ብዙ ደም ፈሷት አረፈች።

ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1949 ሲሞቱ የጎደለው ነገር ገና አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የስዊድን ተመራማሪዎች ጉድለቱ ከጤናማ ሰው ፕላዝማ በተገኘ ክፍል እንደሚታረም አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በጥንቸል ሰውነት በተመረተ ፀረ እንግዳ አካል ተጠቅመው፣ በሄሞፊሊያ ሕሙማን ደም ውስጥ የማይጎድል አንድ ፕሮቲን በእነዚህ ሕሙማን ላይ እንደሚያንስ አረጋገጡ።

ፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲኑን ከመለየት አልፎ መድኃኒትም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፓ የተፈቀደው ካፕላሲዙማብ ከዚሁ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ፕሌትሌቶች እንዳይያያዙበት ያግዳል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮችን በሚደፍነው ቲቲፒ የተያዙ ሕሙማንም ይታከሙበታል። ጉድለቱ ፎን ቪለብራንድ የገለጹትን ሕመም የሚያስከትለው ፕሮቲን ከልክ በላይ ሲሠራም ሕይወትን ያሰጋል።