የቀይ ባሕርን ትሎች በየወገናቸው የለየ ሊቅ

የናፖሌዎን ስም ሲነሣ ወዲያው በሐሳባችን የሚመጣው መድፍና ፈረሰኛ ነው። ሆኖም በ1798 ዓ.ም. ወደ ግብጽ በዘመተው ጦር መካከል 150 ያህል ሊቃውንትና ባለሙያዎችም ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከነዚህ አንዱ የ21 ዓመቱ ወጣት ማሪ ዡል ሴዛር ሳቪኚ ነበር። ዘመቻው በሦስት ዓመት ውስጥ ከሽፎ ሲቀር የሱ ሥራ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ስለ ሆነ፤ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

ሳቪኚ በ1777 ዓ.ም. ፕሮቫን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። ፓሪስ ገብቶ ሲማር በመጀመሪያ ያዘነበለው ወደ ዕፀዋት ጥናት ነበር። ዳሩ ግን ስመ ጥሩው የእንስሳት ሊቅ ኩቪዬ ወደ ግብጽ እንዲሄድ በተጠየቀ ጊዜ እሱ ቀርቶ ሳቪኚ እንዲላክ ሐሳብ አቀረበ። ወጣቱም የጀርባ አጥንት የሌላቸውን እንስሳት የመሰብሰብ ኃላፊነት ተቀበለ። በአባይ ዳርና በሜዲቴራኒያን ጠረፍ፤ እንዲሁም በቀይ ባሕር ጫፍ በስዌዝ እየተዘዋወረ የሰበሰበውን ይዞ አገሩ ተመለሰ።

በዚያን ዘመን ስለ ትሎች የነበረው ዕውቀት እጅግ የተደባለቀ ነበር። ስዊድናዊው ሊኔዎስ ከነፍሳት ወገን ያልሆነውን አጥንት የለሽ ፍጥረት ሁሉ፤ ቀንድ አውጣውንም ሳይቀር፤ ትል በሚል አንድ ስም ጠቅልሎት ነበር። በኋላ ኩቪዬ ቀይ ደም ያላቸውን ትሎች ለብቻ ለየ፤ ላማርክም ሰውነታቸው በቀለበት የተከፋፈለ በመሆኑ ከዚሁ የተነሣ ስም አወጣላቸው። የቀረው ሥራ እነዚህን ትሎች እርስ በርሳቸው መለየት ነበር።

ሳቪኚ ይህንን ሲሠራ መልክና ቀለምን ብቻ አልተከተለም። የባሕር ትል በመንፈስ ውስጥ ሲቀመጥ ቀለሙ ይጠፋል፤ ሰውነቱም ይኮማተራል። በየቀለበቱ ጎን ያለው ጠንካራ ጠጉር ግን ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሊቁ የጠጉሩን ዓይነት፤ እግሩ ከላይና ከታች ለሁለት የተከፈለ መሆኑን፤ በራሱ ላይ ያሉትን ቀንድ መሰል መዳሰሻዎች ብዛትና የመንጋጋውን አሠራር አንድ በአንድ መረመረ። በዚህም መንገድ ቀለበታማ ትሎችን በአራት ክፍል መደባቸው። የመጀመሪያዎቹ ራሳቸው ተለይቶ የሚታወቅ የባሕር ትሎች ናቸው፤ ሁለተኞቹ ራሳቸው ያልተለየ በቱቦ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ ሦስተኞቹ የመሬት ትሎች ሲሆኑ አራተኞቹ ጠጉር የሌላቸው አልቅቶች ናቸው። ለአዳዲሶቹ ወገኖችም ፖሊኖኤ፤ ሲሊስ፤ ኤውፍሮሲኔ የሚሉትን የመሳሰሉ ስሞች ሰጠ። አንዳንዶቹ ስሞች የሱ መጽሐፍ ሳይወጣ አስቀድመው በላማርክ መጽሐፍ በ1818 ዓ.ም. ስለ ታተሙ እስከ ዛሬ የሚጠሩት የሁለቱ ሊቃውንት ስም ተያይዞ ነው።

ነገር ግን ሥራው ገና ሳያልቅ በ1817 ዓ.ም. የዓይን ሕመም ያዘው። ጥቂት ተሽሎት ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በ1821 ዓ.ም. የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1824 ዓ.ም. ሕመሙ በረታበት። ብርሃን ማየት የማይቻለው ሆነ፤ በጨለማ ተቀምጦም እንኳ የሚያንጸባርቁ ቀለማትና ምስሎች ፊቱ ላይ እየተመላለሱ ያሠቃዩት ነበር። በ1851 ዓ.ም. በቬርሳይ አጠገብ እስኪሞት ድረስ 27 ዓመት እንዲሁ ኖረ።

ከዚህ የከፋው በሥራው ላይ የደረሰው ጉዳት ነው። መንግሥት ስለ ግብጽ ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የሳቪኚ ሥዕሎች በብዙ ገጽ ተቀርጸው ሳሉ ለአብዛኞቹ መግለጫ አልተጻፈላቸውም። እሱ ድኖ ራሱ ሊፈጽመው ተስፋ ያደርግ ስለ ነበር ጽሑፉን ለሌላ ሰው አሳልፎ ለመስጠት አልፈቀደም። በመጨረሻም ኦዱዋን የተባለ ወጣት ሊቅ ሥዕሎቹን እያየ መግለጫውን እንዲጽፍ ታዘዘ። ሳቪኚ በየሥዕሉ ላይ ያስተዋለው ብዙ ነገርም ከራሱ ጋራ ቀረ። ቀለበታማ ትሎቹ ግን ከዚህ ዕድል አመለጡ፤ ጽሑፋቸውን ቀደም ብሎ ጨርሶት ነበርና።

ዛሬ የታወቁት ጠጉራም የባሕር ትሎች ከ10,000 ዝርያ በላይ ሆነዋል። የዘር ጥናትም የመሬት ትልና አልቅት ከነዚሁ ከባሕር ትሎች ዘር የወጡ መሆናቸውን ስላሳየ የሳቪኚ አራቱ ክፍሎች ፈርሰዋል። የዝርያዎቹ መግለጫ ግን ጸንቶ ይኖራል። በአገራችንም ጥራጊን ወደ ማዳበሪያ ለመለወጥ የሚረባው ቀይ ትል በሳይንስ የሚጠራው ሳቪኚ በ1826 ዓ.ም. ታትሞ በወጣው ሥራው በሰጠው ስም ነው።

ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች ከዚህ ሰው ሁለት ነገር ማስተዋል የሚገባችሁ ይመስለናል። አንዱ፤ ማንም የማይመለከተውን ትንሽ ነገር በትክክል መርምሮ መጻፍ ለሚመጣው ትውልድ መሠረት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፤ የሠሩትን ሥራ ጤናና ጊዜ ሳሉ ሌላ ሰው ሊረዳው በሚችል ጽሑፍ አስፍሮ ማስረከብ እንደሚያስፈልግ ነው። ሳቪኚ የመጀመሪያውን ከዘመኑ ሰዎች ብዙዎቹን በሚያስንቅ ትጋት ፈጸመ፤ ሁለተኛውን ግን በከፊል ብቻ አደረገው።