ኤቲየን ዡል ማሬ

ኤቲየን ዡል ማሬ (1830 – 1904 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ ሐኪምና የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ነበር። በተለይ የሚታወቀው የሚበርሩ ወፎችን በተከታታይ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ጠመንጃ መሰል ካሜራ በመሥራቱ ነው። በ1882 መጀመሪያ በጣሊያን አገር፣ በኔፕልስ ባሕር ዳር ያነሣቸው የነጭ የባሕር ወፎች ምስሎች ለበረራ ጥናትም ለሲኒማ መወለድም መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች መካከል ይቆጠራሉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ማሬ ማርች 5 ቀን 1830 በቡርጎኝ አገር፣ በወይን ጠጇ በታወቀችው በቦን ከተማ ተወለደ። አባቱ በወይን ጠጅ ንግድ ቤት ይሠራ ነበር። ልጁ ዝንባሌው ወደ ምሕንድስና ቢሆንም በአባቱ ፈቃድ በ1849 ፓሪስ ሄዶ ሕክምና ተማረና በ1859 ተመረቀ። ይሁን እንጂ መሣሪያ የመሥራት ፍቅሩ አልጠፋም። የልብ ምትን ከእጅ አንጓ ላይ ተቀብሎ በጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ በመስመር የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ፤ ስሙም በሐኪሞች ዘንድ በዚህ ታወቀ። በ1869 በኮሌዥ ደ ፍራንስ መምህር ሆነ።

የክንፍ ጥያቄ

ማሬ ዓይን የማይደርስበትን እንቅስቃሴ ሁሉ መሣሪያ እንዲጽፈው ይፈልግ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው የወፍ ክንፍ ነው። መጀመሪያ የሞከረው ወፉን ከመሣሪያ ጋር በማገናኘት ነበር። ወፉ ትንሽ መታጠቂያ ይለብሳል፤ ከመታጠቂያው የሚወጣ ቀጭን የጎማ ቱቦ የክንፉን እንቅስቃሴ በአየር ግፊት እያስተላለፈ በሚሽከረከር በርሜል ላይ ያለውን ብዕር ያንቀሳቅሳል። በዚህ መንገድ ድንቢጥ በሰከንድ 13 ጊዜ፣ የዱር ዳክዬ 9፣ እርግብ 8፣ ከጭላት ወገን የሆነው ባዛርድ ደግሞ 3 ጊዜ ክንፉን እንደሚያማታ ቆጠረ። በነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የሚገርመው ዳክዬው ነው፤ ከእርግብ ይልቅ ከባድ ሆኖ ሳለ ክንፉን ፈጥኖ ያማታል፤ ክንፉ ከሰውነቱ ክብደት አንጻር ትንሽ ነውና። ማሬ ክንፍ ወደ ታች ሲወርድ የሚወስደው ጊዜ ወደ ላይ ሲነሣ ከሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ እንደሚረዝምም አረጋገጠ። ይህን ሁሉ በ1873 የእንስሳ አካልን እንደ ማሽን በመረመረበት መጽሐፉ አሳተመ።

ነገር ግን ሁለት ችግር ቀረ። ብዕሩ ጊዜን እንጂ የክንፉን ቅርጽ አይጽፍም። በዚያ ላይ ቱቦ የሚጎትት ወፍ እንደ ልቡ የሚበርር ወፍ አይደለም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ወፉን ጨርሶ የማይነካ መሣሪያ ነበር።

የፎቶግራፍ ጠመንጃ

በ1878 መጨረሻ ማሬ ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ ያነሣቸውን የሚጋልቡ ፈረሶች ሥዕሎች ላ ናቱር በተባለው መጽሔት ላይ አየና ወፎችም በዚያው ዘዴ እንዲነሡ ጠየቀ። ማይብሪጅ በ1881 ፓሪስ ሲመጣ የወፍ ፎቶግራፎች ይዞ መጣ፤ ማሬ ግን አልረካም። ማይብሪጅ ካሜራዎችን በመስመር ደርድሮ ፈረሱ በየተራ ክር እየበጠሰ እንዲያልፍ ያደርግ ነበር፤ ወፍ ግን በተዘረጋለት መስመር አያልፍም። ካሜራው ራሱ ወፉን መከተል ነበረበት።

ማሬ ክረምቱን የሚያሳልፈው ኔፕልስ አጠገብ ፖዚሊፖ በተባለው ኮረብታማ ባሕር ዳር ባለው ቤቱ ነበር። ጠመንጃውንም የሞከረው እዚያ ነው። መሣሪያው እንደ አደን ጠመንጃ በትከሻ ይያዛል፤ በአፈሙዙ ውስጥ ሌንስ አለ፤ ከኋላው እንደ ሰዓት በሞላ የሚሠራ ዘዴ አለ። ምላጩ ሲሳብ ክብ የመስተዋት ሳህን በሰከንድ 12 ጊዜ እየቆመ ይዞራል፤ ቀዳዳ ያለው ሌላ ሳህንም በእያንዳንዱ ቆይታ ብርሃን ለ1/720 ሰከንድ ብቻ ያስገባል። ይህን ያህል አጭር ብርሃን የሚበቃው በዚያ ዘመን አዲስ የነበረው ደረቅ የጄላቲን ሳህን በመኖሩ ነው። ሌሎች 25 ሳህኖች በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ተዘጋጅተው ስለሚጠብቁ ጨለማ ክፍል ሳይገባ እዚያው መቀየር ይቻል ነበር።

የባሕር ወፎቹ በብሩህ ሰማይ ላይ እንደ ጥቁር ጥላ ሆነው ወጡ። አንደኛው ወፍ በሰከንድ ልክ 3 ጊዜ ክንፉን ያማታ ስለነበር በ12ቱ ምስሎች ላይ አራት አራት አቋሞች እየተደጋገሙ ታዩ፦ ክንፉ እስከ መጨረሻው ተነሥቶ፣ መውረድ ጀምሮ፣ ታች ደርሶ፣ ዳግም ሲነሣ። ማሬ ውጤቱን በኤፕሪል 1882 በዚያው በላ ናቱር አወጣ። የፖዚሊፖ ሰዎች ጠመንጃ እያነጣጠረ አንድም ወፍ የማይጥለውን ይህን ሰው እንደ ሞኝ ይቆጥሩት ነበር ይባላል።

ከጠመንጃው በኋላ

ምስሎቹ እጅግ ትንንሽ ነበሩ፤ ጥላ ብቻ ስለሆኑም ላባው አይለይም። ማሬ ራሱ ጉድለቱን ስላወቀ በጠመንጃው ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት በፓሪስ ዳርቻ በቡዋ ደ ቡሎኝ የምርምር ጣቢያ ከፈተ፤ ረዳቱም ዦርዥ ደመኒ ነበር። እዚያ ነጫጭ ወፎችን በጥቁር ግድግዳ ፊት እያበረረ ብዙ አቋሞችን በአንድ ሳህን ላይ አነሣ። ቀጥሎም የባሕር ወፍን በረራ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት እያነሣ ሦስቱን ዕይታዎች አገናኘና በ1887 ተከታታይ አቋሞቹን የሚያሳይ የነሐስ ቅርጽ አሠራ። በእኔ ግምት ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያምረው ይህ ነው፤ አንድ ወፍ በአየር ላይ የሄደበት መንገድ በእጅ የሚዳሰስ ሆኗልና።

በ1888 የመስተዋቱን ሳህን ትቶ በጥቅል ወረቀት ላይ የተነሡ ተከታታይ ምስሎችን ለፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፤ በ1890 የወፎች በረራ የተባለው መጽሐፉ ወጣ። ተንቀሳቃሽ ምስልን እንደ መዝናኛ ማሳየት ግን አያጓጓውም ነበር፤ እርሱ የሚፈልገው እንቅስቃሴው ቀርቶ እንዲመረመር እንጂ ዳግም እንዲታይ አልነበረም። ደመኒ በዚህ ስላልተስማማ በ1894 ተለያዩ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ሕዝብን ገንዘብ አስከፍለው ፊልም አሳዩ።

ማሬ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ አየር በዕቃ ዙሪያ እንዴት እንደሚፈስ ለማየት የጭስ ክሮችን ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። በሜይ 1904 በፓሪስ ሞተ። የ1873ቱን መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ትርጉም ካነበቡት ሰዎች መካከል የራይት ወንድማማቾች ይገኙ ነበር፤ እነርሱም ማሬ ከመሞቱ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 1903፣ በአሜሪካ ባሕር ዳር በሞተር በረሩ።