ቢል ኩለን፡- ከመቀመጫው ሳይነሳ ትውልድን ያዝናና የውድድር መሪ

ቴሌቪዥን በየቤቱ እየገባ በነበረበት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ) የአሜሪካ ቤተሰቦችን በአንድ ሳሎን ከሰበሰቡ ዝግጅቶች መካከል የጥያቄና የግምት ውድድሮች ይገኙበታል። ሕጋቸው ቀላል፣ ቋንቋቸው ጨዋ፣ አካሄዳቸውም ለሁሉም ግልጽ ስለነበር አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩል ይገምቱ ነበር። ታሞ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ቀን ቀን ያያቸው፣ ከሥራ የተመለሰ አባት ማታ ማታ የተከታተላቸው እነዚህ ዝግጅቶች አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላም በናፍቆት ይታወሳሉ።

ይህ ናፍቆት በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ አንድ ስም አለ። ቢል ኩለን። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ከ20 በላይ ውድድሮችን ከመምራቱም በላይ በሌሎች በርካታ ዝግጅቶች ላይ በገማችነትና በእንግድነት ተሳትፏል። ይሁንና ሚሊዮኖች በየሳምንቱ ያዩት ይህ ሰው እንዴት እንደሚራመድ የሚያውቁት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በዛሬው ጽሁፋችን የሕይወቱንና የሥራውን ጉዞ እንቃኛለን።

ዊልያም ሎውረንስ ኩለን እ.ኤ.አ የካቲት 18 ቀን 1920 በፔንሲልቬንያ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ አንድያ ልጅ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው በፖሊዮ፣ በአገራችን አጠራር በልጅነት ልምሻ ተያዘ። ከሞት ቢተርፍም በሽታው በእግሩ ላይ ያደረሰው ጉዳት ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖረ። ሲራመድ በግልጽ ያነክስ ነበር።

ወጣቱ ኩለን ሐኪም ለመሆን ተመኝቶ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የቅድመ ሕክምና ትምህርት ቢጀምርም የገንዘብ እጥረት ትምህርቱን እንዲያቋርጥ አስገደደው። በአባቱ ጋራዥ በመካኒክነትና የተበላሹ መኪኖችን በመጎተት ሠራ። ኋላም ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ በሥነ ጥበብ የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀብሏል። የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው ግን እ.ኤ.አ በ1939 በከተማው የሬዲዮ ጣቢያ የጀመረው ሥራ ነበር። ሬዲዮ የሚፈልገው ድምፅን ነውና እግሩ ያልፈቀደለትን አንደበቱ አስገኘለት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውጊያ ብቁ ባይሆንም በሲቪል የአየር ጥበቃ አገልግሎት በአብራሪነትና በአብራሪዎች አሠልጣኝነት አገሩን አገልግሏል።

እ.ኤ.አ በ1944 ወደ ኒው ዮርክ አቅንቶ በሲ ቢ ኤስ የሬዲዮ ድርጅት በአስተዋዋቂነት ተቀጠረ። ከሁለት ዓመት በኋላ “ዊነር ቴክ ኦል” የተሰኘውን የሬዲዮ የጥያቄ ውድድር እንዲመራ ተመደበ። ዝግጅቱ ማርክ ጉድሰንና ቢል ቶድማን የተባሉ ሁለት አዘጋጆች በሽርክና ያቀረቡት የመጀመሪያ ውድድር ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ድምፅ ሰጪ መሣሪያ ለመጫን ይሽቀዳደማሉ፤ ያሸነፈውም በቀጣዩ ዝግጅት ተመልሶ ከአዲስ ተፎካካሪ ጋር ይገጥማል። ዛሬ በየአገሩ እንደ ተራ ነገር የሚታየው ይህ አሠራር ሥር የያዘው በእንዲህ ዓይነት ዝግጅቶች ነው። ኩለንም ከጉድሰንና ከቶድማን ጋር የጀመረው የሥራ ግንኙነት ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ።

እ.ኤ.አ በ1952 በቴሌቪዥን በተጀመረው “አይቭ ጎት ኤ ሲክሬት” ላይ ኩለን ከአራቱ ገማቾች አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። እንግዳው ምሥጢሩን በዝግጅቱ መሪ በጋሪ ሙር ጆሮ ያንሾካሹካል፤ ምሥጢሩ ለተመልካች በጽሑፍ ይታያል፤ ገማቾቹ ደግሞ በየተራ እየጠየቁ ለመድረስ ይጥራሉ። ተመልካቹ መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ የሚደሰተው በጠያቂዎቹ ብልሃትና ስህተት ነበር። ኩለን በዚህ መንበር እስከ 1967 ድረስ ቆይቷል።

ከዚያ ዝግጅት እስከ ዛሬ የሚታወሰው እ.ኤ.አ በየካቲት 1956 የቀረበው ነው። በዚያ ምሽት ሳሙኤል ሲሞር የተባሉ ከ90 ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንት ቀረቡ። ምሥጢራቸው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ ሚያዝያ 14 ቀን 1865 በፎርድ ቴአትር ሲገደሉ የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ በዚያው ቴአትር ውስጥ ተገኝተው ማየታቸው ነበር። ጉዳዩ ከታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን ኩለን በጥያቄው አወጣጣ፤ የሥራ ባልደረባው ጄይን ሜዶውስ ደግሞ መልሱን አገኘች። አዛውንቱ ከሁለት ወር በኋላ በሚያዝያ አረፉ። ለመዝናኛ ተብሎ የተሰናዳ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት የአንድ ታላቅ ድርጊት የመጨረሻ የዓይን ምስክር ምስልና ድምፅ የሚገኝበት ሰነድ ሆነ።

በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ ኅዳር 26 ቀን 1956 በኤን ቢ ሲ የተጀመረው “ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት” ኩለንን በመላው አገሪቱ ታዋቂ አደረገው። ውድድሩ በጨረታ መልክ የሚካሄድ ነበር። አራት ተወዳዳሪዎች ለቀረበው ዕቃ ተራ በተራ ዋጋ ይሰጣሉ፤ ከእውነተኛው የገበያ ዋጋ ሳያልፍ ይበልጥ የተጠጋው ዕቃውን ይወስዳል። ይህን ለመጫወት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የማቀዝቀዣንና የምድጃን ዋጋ የምታውቅ የቤት እመቤት ከማንም እኩል ዕድል ነበራት። በየቤቱ ያለው ተመልካችም በፖስታ ካርድ ግምቱን እየላከ ይወዳደር ስለነበር ካርዱ እንደ ጎርፍ ይመጣ ነበር። ከተጨማሪ ሽልማቶቹ መካከል ለቀልድ ተብሎ የቀረበ ዝሆን እንደነበረና አሸናፊው በምትኩ ገንዘብ አልቀበልም በማለቱ አዘጋጆቹ እውነተኛ ዝሆን ለማስረከብ መገደዳቸውም ይነገራል። በዚህ ሁሉ መካከል ኩለን ወፍራም መነጽሩን አድርጎ፣ ፈገግታ ሳይለየው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ጨዋታውን ይመራ ነበር።

የመቀመጡ ምክንያት በጥንቃቄ የተያዘ ነበር። የሚመራቸው ዝግጅቶች መድረኮች የሚሠሩት የእግሩን ሁኔታ ታሳቢ በማድረግ ነው። ስርጭቱ ሲጀምር እሱ አስቀድሞ በቦታው ተገኝቷል፤ ተወዳዳሪዎች ወደ እሱ ይመጣሉ እንጂ እሱ ወደ እነርሱ አይሄድም፤ ስንብቱም ከዚያው ከመቀመጫው ነው። ካሜራው ሲራመድ ላለማሳየት ይጠነቀቃል። ከዚህ የተነሳ ለዓመታት በታማኝነት የተከታተሉት ተመልካቾች እንኳ ጉዳት እንዳለበት ሳያውቁ ኖረዋል።

ስለዚህ ጉዳይ የፊልም ባለሙያው ሜል ብሩክስ የተረከው ገጠመኝ አለ። ብሩክስ “አይ ጌስ” በተባለው የኩለን ዝግጅት ላይ እንግዳ ሆኖ ከቀረበ በኋላ ኩለን እያነከሰ ወደ እሱ ሲመጣ ያያል። ለማሳቅ ያደረገው መስሎት እሱም አካሄዱን አዛብቶ፣ አጋንኖ እየተንገዳገደ ይቀበለዋል። እውነቱን ሲረዳ በሐፍረት ተሸማቀቀ። ኩለን ግን አልተቀየመም። ሰዎች ሁሉ ያላዩ ለመምሰል ሲጨነቁ እንደኖሩ፣ በግልጽ የቀለደበት የመጀመሪያው ሰው እሱ መሆኑን ነግሮ አጽናናው። ገጠመኙ የሰውየውን ትዕግሥት ያሳያል። በጊዜው ግን አካል ጉዳተኛ በአደባባይ ሥራ ላይ ሲሰማራ ጉዳቱን መሸሸግ እንደ ግዴታ ይቆጠር እንደነበርም ይመሰክራል።

በዚህ ረገድ አንድ የታሪክ ግጥምጥም መጥቀሱ ተገቢ ነው። ኩለንን ለዕድሜ ልክ ጉዳት የዳረገውን በሽታ የሚከላከለው የዶክተር ዮናስ ሳልክ ክትባት የተገኘው እሱ በተወለደባትና በተማረባት በፒትስበርግ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። ክትባቱ ውጤታማ መሆኑ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ ሚያዝያ 12 ቀን 1955 ሲሆን በወቅቱ ኩለን የ35 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ያ ግኝት የከፈተው መንገድ ረጅም ጉዞ ተጉዞ እ.ኤ.አ ነሐሴ 25 ቀን 2020 አገራችንን ጨምሮ የአፍሪካ አህጉር ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል።

ኩለን በዝና ጫፍ ላይ በነበረበት ጊዜ የውድድር ዝግጅቶች ከባድ የእምነት ፈተና ገጠማቸው። በመስከረም 1956 (እ.ኤ.አ) የተጀመረው “ትዌንቲ ዋን” የተባለው የጥያቄ ውድድር አዘጋጆች ለተወዳዳሪዎች መልስ አስቀድመው እንደሚሰጡና ማን እንደሚያሸንፍ እንደሚወስኑ ታወቀ። ከ129 ሺህ ዶላር በላይ ያሸነፈው የዩኒቨርሲቲ መምህር ቻርልስ ቫን ዶረን እ.ኤ.አ ኅዳር 2 ቀን 1959 በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የማጭበርበሩ ተካፋይ እንደነበር አመነ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት የጥያቄ ውድድርን ውጤት አስቀድሞ መወሰንን በሕግ ከለከለ። ብዙ ገንዘብ የሚያስገኙ ታላላቅ የጥያቄ ውድድሮች አንድ በአንድ ከስርጭት ወጡ።

ተመልካቹ ግን ኩለንን አልተወውም። “ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት” እ.ኤ.አ እስከ 1965 ዘለቀ። ዳኛው የዕቃው ዋጋ በመሆኑ ውጤቱን ማንም ሊያመዛዝነው ይችላል፤ መሪውም ለማንም አያዳላም፣ በተሸናፊውም አይሳለቅም። ኩለን ዕውቀቱን ለማሳየት ተወዳዳሪውን አይጋፋም ነበር። ሕጉን በአጭሩ ያስረዳል፣ የተደናገረውን ያረጋጋል፣ ከዚያም ለጨዋታው ቦታ ይለቃል። ሕዝብ በአንድ ተቋም ላይ እምነት ሲያጣ በሌላው ላይ የሚያቆየው ይህን የመሰለ የዕለት ተዕለት ሥነ ምግባር መሆኑን የእሱ ታሪክ ያመለክታል።

በኋለኞቹ ዓመታትም ሥራው አልተቋረጠም። ከ1966 እስከ 1969 “አይ ጌስ”ን፣ ከ1971 እስከ 1974 “ስሪ ኦን ኤ ማች”ን፣ ከ1974 እስከ 1979 ማታ ይቀርብ የነበረውን የ25 ሺህ ዶላሩን “ፒራሚድ” መርቷል። “ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት” እ.ኤ.አ በ1972 እንደገና ሲጀመር አዲሱ አቀራረብ መሪው በመድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ እንዲንቀሳቀስ የሚጠይቅ ስለነበር ኃላፊነቱ ለቦብ ባርከር ተሰጠ። እሱም እስከ 2007 ድረስ መራው። ኩለን በበኩሉ ከ1980 እስከ 1982 አንድ ተወዳዳሪን ከሁለት ዘመዳሞች ጋር የሚያጋጥመውን “ብሎክበስተርስ”ን፣ ቀጥሎም ሕፃናት በራሳቸው አገላለጽ የተረጎሙትን ቃል ትልልቆች የሚገምቱበትን “ቻይልድስ ፕሌይ”ን መራ። የመጨረሻው የውድድር መሪነት ሥራው ከ1984 እስከ 1986 የቀረበው “ዘ ጆከርስ ዋይልድ” ነበር። የዚህ ዝግጅት የቀድሞ መሪ እ.ኤ.አ በ1984 ያረፈው ጃክ ባሪ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ ቅሌት የደረሰበትን “ትዌንቲ ዋን”ንም የመራው እሱው ነበር።

ኩለን ከባለቤቱ ከአን ጋር ከ1955 ጀምሮ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ኖሯል። ሲጋራ አጫሽ ነበር። ለዓመታት በገማችነት የተቀመጠበትን ዝግጅት ወጪ ይሸፍን የነበረውም የሲጋራ ኩባንያ ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሲጋራ ማስታወቂያ የተከለከለው እ.ኤ.አ በ1971 መግቢያ ላይ ነበር። ቢል ኩለን በሳንባ ካንሰር ታሞ እ.ኤ.አ ሐምሌ 7 ቀን 1990 በሎስ አንጀለስ በ70 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ከዚህ ሁሉ ድካም ምን ቀረ የሚለው ጥያቄ የታሪኩን ሌላ ገጽታ ያሳያል። በዘመኑ የቪዲዮ ካሴት ውድ ስለነበር የቴሌቪዥን ድርጅቶች አንዱን ዝግጅት እያጠፉ በላዩ ሌላ ይቀዱ ነበር። የቀን ውድድሮች አንድ ጊዜ ታይተው የሚረሱ ተደርገው ስለተቆጠሩ በዚህ አሠራር ከሁሉ የበለጠ ተጎዱ። ለሦስት ዓመት በየሥራ ቀኑ ከቀረበው “አይ ጌስ” የቀሩት ክፍሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአንጻሩ ጉድሰንና ቶድማን የማታ ዝግጅቶቻቸውን በፊልም እያስቀዱ በማስቀመጣቸው የ“አይቭ ጎት ኤ ሲክሬት” ብዙ ክፍሎች ተረፉ። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 1994 ለውድድር ዝግጅቶች ብቻ የተቋቋመው የቴሌቪዥን ጣቢያ ስርጭት ሲጀምር እነዚህ ፊልሞች ከመደርደሪያ ወርደው ለአዲስ ትውልድ ታዩ። እ.ኤ.አ በ2015 ሌላ ተመሳሳይ ጣቢያ ተከተለው።

እነዚያን ካሴቶች ያጠፏቸው ሰዎች ክፉ አልነበሩም። በጀት ለመቆጠብ የታዘዙትን የፈጸሙ የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። የትኛው መዝገብ ለነገ እንደሚጠቅም ዛሬ ማወቅ አዳጋች መሆኑን ግን የአዛውንቱ የሲሞር ምሽት ያስረዳል። ያ ፊልም ተቃጥሎ ወይም ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ሊንከን ሲገደሉ በቴአትሩ የነበረን ሰው በምስል የማየት ዕድል ለዘለዓለሙ በጠፋ ነበር። ሰነድ የማስቀመጥ ኃላፊነት በተጣለበት ማንኛውም መሥሪያ ቤት ዘንድ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ቢል ኩለን ሐውልት ያቆመ መሪ ወይም አገር ያቀና ጀግና አልነበረም። በየቀኑ በሰዓቱ ተገኝቶ፣ ሕጉን ጠብቆ፣ ከፊቱ የቀረበውን ሰው አክብሮ ሥራውን የሠራ ባለሙያ ነበር። ያን ዘመን የሚናፍቁ ተመልካቾች የማቀዝቀዣውን ዋጋ ረስተውት ይሆናል። ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ፊቱን ወደ እነርሱ የመለሰው ሰው ግን፣ ፊልሙ በተረፈበት ሁሉ ዛሬም በቦታው ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል።