ዶክተር ማርሴል ዡኖ፤ በጂቡቲ በር የገቡት ሐኪም

ሙያ በችግር ቀን ይታወቃል። የሐኪም ሙያ ቸነፈር ሲገባ፣ የአናጢ ሙያ ጎርፍ ቤት ሲያፈርስ፣ የመምህር ሙያ ድንቁርና አገር ሲያጠፋ ይመዘናል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሙያን ይዞ ዘመድ ወደሌለበት አገር መሄድና ቋንቋው የማይታወቅ ሕዝብ ሲቸገር ከአጠገቡ መቆም ነው። ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም. በወራሪ በተጨነቀች ጊዜ ይህን ያደረጉ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ሐኪሞች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ስማቸው ከሩቅ የሚጠራው የስዊሱ ተወላጅ ዶክተር ማርሴል ዡኖ ናቸው።

ዶክተር ዡኖ ግንቦት 6 ቀን 1896 ዓ.ም. በኔሻቴል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፕሮቴስታንት ቄስ ሲሆኑ ድኻ በበዛባቸው መንደሮች ያገለገሉ ሰው ነበሩ። አባትየው ከሞቱ በኋላ ቤተ ሰቡ ኑሮው ስለ ከበደው እናታቸው በዠኔቭ ከተማ እንግዳ እያሳደሩ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ወጣቱ ማርሴል የሕክምና ትምህርታቸውን የጀመሩት በአጎታቸው እርዳታ ነው። ተማሪ ሳሉም በረኃብ ለተጎዱት የሩስያ ሕፃናት እርዳታ ከሚሰበስቡት ወጣቶች መካከል ነበሩ። በሰው እርዳታ የተማረ ሰው ትምህርቱን እንደ ብድር ይቆጥረዋልና ይህ የልጅነት ልማድ በኋላ ዘመናቸው ሁሉ ታየ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. የሕክምናውን ዲግሪ ተቀብለው በፈረንሳይ አገር በሙሉዝ ከተማ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ሙያ ሲሠሩ ቆዩ። ጸጥ ያለ፣ የተከበረ፣ የወደፊት ዕድሉም የተዘጋጀ ኑሮ ነበራቸው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበር፤ የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲሆን በዠኔቭ ያለው ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የተቀበለው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሐኪሙ ጥቂት፣ መድኃኒቱ ጥቂት፣ ቍስለኛ ማንሻው መኪና ጥቂት ነበረ። ስለዚህ የዠኔቩ ኮሚቴ ሁለት መልእክተኞች ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ቆረጠ። አንደኛው የሕግ ሰው የሆኑት ሲድኒ ብራውን ነበሩ፤ ሐኪሙን በፈለገ ጊዜ ደግሞ በስልክ የተጠሩት የ31 ዓመቱ ዶክተር ዡኖ ሆኑ። ስለዚያች ሩቅ አገር የሚያውቁት እጅግ ጥቂት ነበር። ሆኖም እሺ ብለው የሆስፒታል ሥራቸውን ትተው ተነሡ።

ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋናው በር ጂቡቲ ነበረ። ይህች ከተማ በፈረንሳዮች እጅ የተቆረቆረች፣ ቤቶቿ በባሕር ድንጋይ ላይ የቆሙ፣ ሙቀቷ እንግዳን የሚያስጨንቅ ወደብ ናት። በመካከሏ ያለው አደባባይ በዳግማዊ ምኒልክ ስም ይጠራ ነበር፤ ምክንያቱም የከተማይቱ ሲሳይ ከኢትዮጵያ ንግድ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ነው። ቡናውና ቆዳው በዚያ ይወጣል፤ ጨርቁና መሣሪያው በዚያ ይገባል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ በረሓውን አቋርጦ ይወጣል። ሆኖም በዚያ ዘመን ይህ በር ለኢትዮጵያ በሙሉ የተከፈተ አልነበረም። ፈረንሳይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር 1935 ዓ.ም. ከሙሶሊኒ ጋር ከተስማማች ወዲህ ኢትዮጵያ የገዛችው መሣሪያ በጂቡቲ እንዳያልፍ ብዙ ጊዜ ይከለከል ነበር። ጥይት በወደቡ ሲታገድ ፋሻና መድኃኒት ግን ያልፉ ነበር። ዶክተር ዡኖና ባልደረባቸው ከመርከብ ወርደው በዚህች ከተማ የተሳፈሩበት ባቡር ስለዚህ ለአገሪቱ ትልቅ ተስፋ ነበር።

ከእነርሱ በኋላ በጂቡቲም በበርበራም በኩል የብዙ አገር የሕክምና ጓዶች ተከታትለው መጡ። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ፊንላንድ፣ ሆላንድ፣ እንግሊዝና ግብፅ እያንዳንዳቸው ሐኪሞቻቸውን፣ አስታማሚዎቻቸውን፣ ድንኳናቸውንና መኪናቸውን ላኩ። በአዲስ አበባ የማኅበሩን ሥራ ይመሩ ከነበሩት አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነበሩ። ከእነዚህ ሰዎች የሚበዙት የሚከፈላቸውን ቆጥረው የመጡ አልነበሩም፤ በአገራቸው ሆስፒታል ቢቆዩ የሚያገኙት ዕረፍትና ክብር ይበልጥ ነበር። የኢትዮጵያ ወጣቶችም በትምህርት ቤት በተማሩት የውጭ ቋንቋ እያስተረጎሙ፣ ቍስል እያጠቡና ፋሻ እያሰሩ ከእነርሱ ጋር አብረው ሠሩ። አንድ ስዊድናዊ ሐኪም የአንድን የሲዳሞ ወታደር ሕመም የሚያውቀው ቃሉን በሚያደርስለት ተማሪ አፍ ነበርና በትምህርት ቤት የተዘራው ዘር በጦር ሜዳ ፍሬ ሰጠ።

የዶክተር ዡኖ ሥራ እነዚህን የተለያዩ ጓዶች ማስተባበር ነበር። ማን ወደ ሰሜን፣ ማን ወደ ኦጋዴን፣ ማን ወደ ደቡብ ይሂድ፤ የጎደለው መድኃኒት በምን ይድረስ፤ መንገድ በሌለበት በበቅሎ ነው ወይስ በአውሮፕላን፤ ይህን ሁሉ ማሰብ ግድ ሆነባቸው። ልማዱ፣ ቋንቋው፣ የሥራው ሥርዓት የማይመሳሰል ሰው በአንድ ዓላማ እንዲጓዝ ማድረግ ከቀዶ ጥገናው ያላነሰ ጥበብ ይጠይቃል። ከዚህም ጋር የማስተማር ሥራ ነበረባቸው። የቀይ መስቀል ምልክት ለቍስለኛና ለሐኪም ብቻ የተጠበቀ መሆኑን ብዙው ሰው ስለማያውቅ ምልክቱ በማይገባው ስፍራ የሚደረግበት ጊዜ ነበረ፤ ኢጣልያኖችም ይህን ለክስ ያነሡት ነበር። ስለዚህ ዶክተር ዡኖና ብራውን የምልክቱን ትርጉምና ሕጉን ለሹማምንቱ እየደጋገሙ ያስረዱ ነበር።

ሆኖም ምልክቱ በሚገባው ስፍራ ሳለም ከቦምብ አላዳነም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ ቀይ መስቀል የተዘረጋበት የአሜሪካውያን ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ጋር የነበረው የስዊድን ጓድ በመልካ ዲዳ በአውሮፕላን ተደበደበ፤ በድንኳን የተኙ ብዙ ሕሙማን አለቁ፣ ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትሮም ሞቱ፣ የጓዱ አለቃ ዶክተር ሂላንደርም ቈሰሉ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በቆረም አጠገብ የሰፈረው የእንግሊዝ ጓድ ተራ ደረሰው። ዶክተር ዡኖም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም፤ ስዊድናዊው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ወደ ቆረም ያደረሷቸው የቀይ መስቀል አውሮፕላን መጋቢት 8 ቀን በምድር ላይ እንደ ቆመ በቦምብ ተቃጠለ።

በማግሥቱ በቆረም ያዩት ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ነበር። ኢፕሪት የሚባለው የመርዝ ጋዝ እንደ ጠል ከሰማይ ወርዶ ነበር። ባዶ እግሩን የሚሄደው ወታደርና ባላገር በሣሩ ላይ የወደቀውን መርዝ ረግጦ እግሩ ተቃጥሏል፤ የፊቱ ቆዳ ተገፏል፤ ዓይኑ ጠፍቷል። ሐኪሙን ያዩ ሁሉ እንዲያድኗቸው ይለምኑ ነበር። ለእነዚያ ሁሉ የሚበቃ መድኃኒት በስፍራው አልነበረም። በሙሉዝ ሆስፒታል ለዓመታት የሠለጠነ እጅ በዚያ ተራራ ላይ ባዶ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ለሐኪም የሚቀረው ሥራ ያየውን በትክክል ማየትና መመስከር ነው። ይህ መርዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. በዠኔቭ በተደረገው ውል የተከለከለ ሲሆን ኢጣልያም ውሉን የተቀበለች መንግሥት ነበረች።

ከዚህ ላይ ነው የዶክተር ዡኖ ታሪክ የሚከብደው። መልእክተኛ ነበሩና ያዩትን ወደ ዠኔቭ ጻፉ። የመንግሥታት ማኅበር በኢትዮጵያ ስለ ተደረገው ግፍ ማስረጃ እንዲሰጠው በጠየቀ ጊዜ ግን ኮሚቴው የገለልተኛነት ደንቡን አስታውሶ ሰነዱን አልሰጠም። ኮሚቴው ምክንያት አልጠፋውም፤ በአንድ ወገን ላይ የመሰከረ በሌላ ቀን ወደዚያ ወገን ቍስለኛና ምርኮኛ ለመድረስ በሩ ይዘጋበታል የሚል ነበር። ለተቃጠለው ሕዝብ ግን በዚያን ቀን ያስፈለገው ምስክር ነበር። በእነዚህ ሁለት ግዴታዎች መካከል መቆም ቀላል አይደለም፤ ዝምታው ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት የሚለው ክርክርም ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ቆይቷል።

መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ባቡር ወደ ጂቡቲ ወረደ፤ ሚያዝያ 26 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚያው ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሄዱ። ያን ጊዜ ዶክተር ዡኖ በአዲስ አበባ ነበሩ፤ ከተማይቱ ስትዘረፍና ስትቃጠል አዩ። የእንግሊዙ ጓድ አለቃ ዶክተር ጆን ሜሊ ሚያዝያ 25 ቀን በመንገድ ላይ የወደቁ ቍስለኞችን ሲያነሡ በጥይት ተመተው ጠላት በገባበት ቀን ሚያዝያ 27 አረፉ። በፈቃዱ የመጣ ሐኪም ሕይወቱን ለሌላ አገር ሰው ሰጠ። ከጂቡቲ በተስፋ የጀመረው የዶክተር ዡኖ መልእክትም እንዲህ ባለ ኀዘን ተፈጸመ።

ለጥቂት ጊዜ ብለው ከሆስፒታላቸው የወጡት ሰው ግን ወደ ጸጥታ አልተመለሱም። በዚያው ዓመት በስፓኝ የርስ በርስ ጦርነት ተነሣና ወደዚያ ሄደው ከሁለቱም ወገን እስረኞች እንዲለዋወጡ ደከሙ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በጀርመንና በፖሎኝ የምርኮኞችን ይዞታ መረመሩ። በ1937 ዓ.ም. ወደ ዣፓን ተልከው ሳለ ሂሮሺማ በአቶም ቦምብ ጠፋች። ዶክተር ዡኖ አሜሪካኖችን አስፈቅደው 15 ቶን መድኃኒት በማስጫን ጳጉሜን 3 ቀን ሂሮሺማ ገቡ፤ መድኃኒቱን በማከፋፈል ብቻ ሳይወሰኑ ከዣፓን ሐኪሞች ጋር ሆነው ሕሙማኑን በገዛ እጃቸው አከሙ። በቆረም ባዶ የሆነው እጅ በዚያ የሚሰጠው አገኘ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ያዩትን ሁሉ ሦስተኛው ተዋጊ በተባለ መጽሐፍ ጽፈው አወጡ። ርእሱ በሁለት ተዋጊዎች መካከል መሣሪያ ሳይዝ ለቍስለኛው የሚታገለውን ሰው ያመለክታል። መጽሐፉ የሚጀምረው በኢትዮጵያ ነው፤ የቆረም መርዝም በስሙ ተጠርቶ በዚያ ተጻፈ። የኢጣልያ መንግሥት የመርዝ ጋዙን ነገር በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከቆረም ቀን 60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ የካደው ሲክድ የሐኪሙ ምስክርነት በመጽሐፍ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ዶክተር ዡኖ ወደ ሙያቸው ተመልሰው በዠኔቭ የማደንዘዣ ሕክምናን አደራጁ፤ አስተማሩም። የዓለም አቀፉ ኮሚቴም አባል፣ በኋላም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሰኔ 9 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሳሉ ልባቸው ቆሞ በ57 ዓመታቸው አረፉ። በሂሮሺማ የሰላም መናፈሻ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

የዚህ ሰው ሕይወት ለመምህራንና ለትምህርት ቤት አለቆች የሚተወው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሙያ በድንበር የማይታጠር መሆኑ ነው፤ በጂቡቲ ወደብ ከመርከብ የወረዱት የስድስትና የሰባት አገር ሰዎች ቋንቋቸው ባይገናኝም ሥራቸው ተገናኝቷል። ወደ ሩቅ አውራጃ የሚላክ ወጣት መምህርም ከእነርሱ የተለየ መንገደኛ አይደለም። ሁለተኛው፣ ሙያ ያለ እውነት ጎዶሎ መሆኑ ነው። መድኃኒት ያለቀበት ሐኪም ምስክርነት እንደ ቀረው ሁሉ፣ መጽሐፍ፣ ሰሌዳና ጠመኔ ያጠረው መምህርም የሚሰጠው አያጣም፤ የሆነውን እንደ ሆነ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለልጆች ማስተማር ይቀረዋል። የቆረም ቍስለኞች ስማቸው በመዝገብ አልተጻፈም። ታሪካቸው የሚኖረው ያየ ሰው ስለ ጻፈው፣ ያነበበም ሰው ስለሚያስተምረው ነው።