አስቴር ጋኖ፦ ከተረትና ከእንቆቅልሽ የንባብ መጽሐፍ የሠሩ መምህርት

ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ወደ ጉለሌ ትምህርት ቤቶች በሚሰማሩበት ሰሞን በግቢያችን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። በአንደኛ ክፍል ውስጥ የንባብ ማዕዘን አዘጋጁ ይባላሉ። ማዕዘኑስ ይዘጋጃል፤ ጠረጴዛውም፣ ምንጣፉም፣ ካርቶኑም ተፈልጎ አይታጣም። ታዲያ ምን ይቀመጥበት? ከመማሪያው መጽሐፍ በስተቀር ለሕፃን የሚሆን ጽሑፍ ከየት ይምጣ? ብዙው ዕጩ መምህር እዚህ ላይ ሲደርስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ አለዚያም ከአሮጌ ጋዜጣ የተቀደደ ሥዕል ለጥፎ ተገላገልኩ ይላል።

ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በሥራ የመለሱ አንዲት ኢትዮጵያዊት መምህርት ነበሩ፤ ስማቸው አስቴር ጋኖ ይባላል። በእሳቸው ዘመን የንባብ ማዕዘን የሚባል ነገር አልነበረም። ለማዕዘኑ የሚሆነው ጽሑፍ ከየት እንደሚገኝ ግን ከእሳቸው ሥራ ይበልጥ የሚያሳይ አናውቅም። ታሪካቸው እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቴር በ1872 ገደማ ከኦሮሞ ወላጆች ነፃ ሆና ተወለደች። ነፃ ሆና ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የጊቤ ወንዝ አካባቢ በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ የጠናበት አገር ነበር፤ ልጆች ከየመንደራቸው እየተነጠቁ በነጋዴ ሲራራ ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር። አስቴርንም ገና በልጅነቷ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ከዚያ በኋላ የደረሰባት መከራ ምኑ ይወራል! በ1886 በቀይ ባሕር አሻግረው ወደ ዐረብ አገር ሊሸጧት ሲሉ የጣልያን መርከቦች ጀልባዋን ያዙ፤ ልጅቷም ነፃ ወጣች። ዕድሜዋ 14 ዓመት ገደማ ነበር። አባትና እናት፣ አገርና መንደር ሁሉ ከኋላዋ ቀርተዋል። ማንም ሊቀማት ያልቻለው ነገር ቢኖር ቋንቋዋ ነበር።

ወደ ኤርትራ ተወስዳ በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀበላት። በዚያ ትምህርት ቤት ኦነሲሞስ ነሲብ የተባለ መምህር ነበር። ኦነሲሞስም የኢሉባቦር ተወላጅ ሆኖ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን አገር ተማረ። ከተመለሰ በኋላ ወደ ወገኖቹ አገር ገብቶ ለማስተማር በሱዳን በኩል ሞከረ፣ አልሆነም። እንደገና በሌላ መንገድ ተነሥቶ በ1886 ከክፍላችን መስኮት ቁልጭ ብሎ እስከሚታየው እስከ እንጦጦ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ዐፄ ዮሐንስ የውጭ ሚሲዮናውያንን ከልክለው ስለ ነበር ንጉሥ ምኒልክ መልሰው ሰደዱት። አስቴር ከባሕር የወጣችበትና ኦነሲሞስ ከእንጦጦ የተመለሰበት ዓመት አንድ ዓመት መሆኑ ያስደንቃል።

ኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀምሮ ነበር። ሆኖም ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን የገፋው በባዕድ አፍ መካከል ነው። ቃል ሲያጣ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገው ነበር። ከትምህርት ቤቱ ልጆች መካከል የአስቴር አእምሮ ብሩህ መሆኑን፣ የኦሮምኛውንም ለዛ ከነስሜቱ እንደምታውቀው ወዲያው ተገነዘበ። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራው ተሰጣት።

እስካሁን በልጅነቷ አንቺ እያልን የተረክንላትን ከዚህ ወዲያ አንቱ ልንላቸው ይገባል። ምክንያቱም መዝገበ ቃላቱ የልጅ ሥራ አይደለም። ሰውዬው ከስዊድን ትምህርት ያመጣውን እውቀት፣ ወጣቷ ከመንደር ያመጡትን ቃል አዋጥተው፣ በ1893 የታተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም በዚህ መዝገበ ቃላት ተቃና።

ለእኛ ለመምህራን ዋናው ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ነው። አስቴር ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰሙትንና የሚያስታውሱትን የኦሮሞ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና እንቆቅልሽ በጽሑፍ ማስፈር ጀመሩ። የጻፉት 500 ያህል ደረሰ። እስቲ አስቡት፤ በዚያን ጊዜ በዚያ ቋንቋ ለልጅ የሚሆን ንባብ የያዘ መጽሐፍ እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም። ዕቃ ግምጃ ቤት ሄደው የሚያመጡት መርጃ መሣሪያ የለም። የነበራቸው ጆሮና ትዝታ ነው። በ1894 እዚያው እምኩሉ በሚሲዮኑ ማተሚያ ቤት ለጀማሪ አንባቢዎች የኦሮምኛ መማሪያ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ታተመ። አስቴር ከጻፏቸው ተረቶችና እንቆቅልሾች ብዙዎቹ የገቡት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ይህ ምን አዲስ ነገር አለው የሚል አይጠፋም። በአገራችን የቆየውን የፊደል ቆጠራ እንመልከት። ሕፃኑን ከሀ ሁ አስነሥቶ፣ በአቡጊዳ አሳልፎ፣ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ወንጌል፣ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ያደርሰዋል። ሥርዓቱ የራሱ ብልሃት አለው፤ ቀድሞ የገባው ልጅ ኋላ የመጣውን ያስቆጥራል። ዛሬ በቡድን ማስተማር እያልን የምንመካበት ነገር በየኔታ ደጅ የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ሕፃኑ የሚያነበው ግዕዝ ስለሆነ ዓይኑ ያየውን፣ አፉም የጠራውን ልቡ አያውቀውም። የእምኩሉ መጽሐፍ ግን ሕፃኑ ከእናቱ ጭን ላይ ሆኖ የሰማውን፣ ፍጻሜውን አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር አምጥቶ በፊደል ፊት ለፊቱ አስቀመጠለት።

ጥቅሙ በንባብ ጊዜ በግልጽ ይታያል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። ገና የሚለውን ቃል ጀማሪው ልጅ ሲያይ በዓሉ ይሁን ጊዜው አለመድረሱ፣ አለ የሚለውንም ሲያይ ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት፣ ከፊደሉ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው ከነገሩ ነው። ነገሩን ቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ሲሳሳት ጆሮው ይነግረዋል፤ መለስ ብሎም ራሱን ያርማል። ነገሩን የማያውቅ ልጅ ግን የመምህሩን ፊት እያየ ይገምታል። በ2010 በአገራችን በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተጻፈች አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ማለት ነው።

እንግዲህ የአስቴርን ሥራ ወደ ጉለሌ እናምጣው። ጉለሌ የሚለው ስም ራሱ በዚህ አካባቢ ይኖር ከነበረ የኦሮሞ ጎሣ የተወሰደ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ቤት የሚመጣው ልጅ እቤቱ ጋሞኛ ሲሰማ ያድራል፤ ሌላው ኦሮምኛ፣ ሌላው ጉራጊኛ፣ ሌላው አማርኛ። ሁሉም ቤት ግን እንቆቅልሽ አለ። ዕጩ መምህሩ ልጆቹን ዛሬ ማታ ከአያታችሁ ወይም ከእናታችሁ አንድ እንቆቅልሽ ይዛችሁ ኑ ቢላቸው በማግስቱ የሚጽፍበት ካርቶን ያጥረዋል እንጂ የሚጻፍ አያጥረውም።

አጻጻፉ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ልጁ እንደተናገረው ይጻፍ፤ መምህሩ ቃሉን አሳምራለሁ ብሎ ወደ መጽሐፍ አማርኛ ከለወጠው ልጁ የራሱን ነገር አያገኘውም። እንቆቅልሹ በካርቶኑ ፊት በትልልቅ ፊደል ይጻፍ፣ መልሱ በጀርባው በሥዕልና በቃል ይሁን፣ ካርቶኑም ልጁ ቁመት ልክ በተወጠረ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀል። ከፍ አድርገው የሚሰቅሉ አሉ፤ ያ ለጎብኚ ነው እንጂ ለልጅ አይደለም። ከአጠገቡ የለስላሳ ቆርኪ በሣጥን ይቀመጥ፤ በየቆርኪው ሆድ አንዳንድ ፊደል ተጽፎ ልጆቹ የመልሱን ቃል እየደረደሩ ይሥሩት። ቆርኪ በ1980ዎቹ በየአውራጃው ፔዳጎጂ ማዕከል መምህራን ከወዳደቀ ዕቃ መርጃ መሣሪያ ሲሠሩበት የነበረ ነው፤ ዛሬም ከየሱቁ ደጃፍ በነፃ ይለቀማል። እቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገር ልጅ ያመጣው እንቆቅልሽ በቋንቋው ይጻፍ፤ አማርኛው ከሥሩ ይከተል። መምህሩ ቋንቋውን ባያውቅ የልጁ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ያግዘው።

60 ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉን በአንድ ጊዜ ማዕዘን ላይ ማስቀመጥ የማይሞከር ነው። አንዱ ቡድን እንቆቅልሹን ሲጠያየቅ፣ አንዱ ቆርኪውን ሲደረድር፣ የቀረው ከመምህሩ ጋር ቢያነብ ይበቃል። ያልመለሰው ልጅ እንደ ወጉ አገር ይስጥ፤ የሚሰጠውንም አገር ስም ጽፎ ይስጥ። ያኔ ሳያውቀው መጻፍ ይለማመዳል። ደግሞም አትርሱ፤ በካርቶኑ ግርጌ እንቆቅልሹን ያመጣው ልጅ ስም ይጻፍ።

የስም ነገር ከተነሣ ወደ አስቴር እንመለስ። የ1894ቱ መጽሐፍ ሽፋን የያዘው የኦነሲሞስን ስም ነው። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ ታትሞ ሲወጣም ተርጓሚው ኦነሲሞስ ተባለ፤ ታሪክም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ሲል ኖረ። ኦነሲሞስ ትልቅ ሰው ነው፤ ድካሙን የሚያሳንስ የለም። ነገር ግን መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጁት፣ ትርጉሙን ያቃኑት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን መጽሐፍ በራሳቸው የተረጎሙት፣ መዝሙሩንም ከእሱ ጋር ያሰባሰቡት አስቴር ናቸው። ሥራው የሁለት ሰው ሆኖ ሳለ የአንዱ ስም ብቻ መነሣቱ በእኛ አስተያየት ፍርደ ገምድልነት ነው። የኋላ ጊዜ አጥኚዎች ነገሩን እየመረመሩ ድርሻቸውን መመለስ የጀመሩት አስቴር በሕይወት ከሌሉ በኋላ ነው።

በ1904 አስቴርና ኦነሲሞስ ከሌሎች ኦሮሞ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ኤርትራን ለቀው ወለጋ ገቡ። የነቀምቴ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ተቀበሏቸው። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴር መምህርት ሆኑ። በባርነት ከወጡበት አገር ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ራሳቸው የጻፉትን ተረት የያዘውን መጽሐፍ ይዘው በልጆች ፊት ቆሙ ማለት ነው።

ሥራው ግን እንዲሁ አልቀናም። በኦሮምኛ ማስተማሩ የአካባቢውን ካህናት አላስደሰተም። በ1906 ኦነሲሞስ ተከስሶ አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። እንዲባረር ተፈርዶበት ሳለ ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ ይመለስ፣ ግን አይስበክ አሉ። ልጅ ኢያሱ በ1916 እስኪፈቅዱለት ድረስ አንደበቱ እንደታሰረ ቆየ። ኦነሲሞስ በ1931 ዐረፈ።

አስቴር ከእሱ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖረው በ1964 አረፉ፤ ዕድሜያቸው 90 አልፎ ነበር። በ1979 የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ኦሮምኛ አንዱ ነበር፤ መጽሐፎቹም እንደ እምኩሉው መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ነበሩ። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ የዛሬ የኦሮምኛ ተማሪ የ1894ቱን መጽሐፍ ቢያገኝ ፊደሉን ካልተማረ በቀር አያነበውም። አስቴር ከሰበሰቡት ተረት፣ ዘፈንና እንቆቅልሽ ደግሞ ብዙው ጨርሶ አልታተመም፤ ጽሑፉን ጠብቆ ያቆየው ሂላንደር የተባለ የስዊድን ሚሲዮናውያን ቤተሰብ ነው።